የተለገሰ ኩላሊት አደራ፦ ከንቅለ ተከላ በኋላ የመድኃኒትን ሰዓት መጠበቅ

የኩላሊት ንቅለ ተከላ የተደረገለት ሰው ከሆስፒታል የሚወጣበት ቀን ለእርሱም ለቤተሰቡም የደስታ ቀን ነው። በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ በእያንዳንዱም ጊዜ አራት ሰዓት ያህል ከእጥበት ማሽን ጎን ተኝቶ የኖረ ሰው ከዚያ ሥርዓት ተላቅቋል። በብርጭቆ እየለካ ይጠጣው የነበረውን ውኃ አሁን በርከት አድርጎ እንዲጠጣ ይመከራል። በዚያው ዕለት ግን በእጁ አንድ የመድኃኒት ከረጢት ይዞ ይወጣል፤ ይህም ከረጢት ቁስሉ ሲደርቅ የሚጣል አይደለም። የተለገሰው ኩላሊት በሥራ ላይ እስካለ ድረስ፣ ዐሥር ዓመትም ይሁን ሃያ፣ በየቀኑ የሚከፈት ነው።

በከረጢቱ ውስጥ ያሉት ዋናዎቹ መድኃኒቶች የሰውነትን የበሽታ መከላከል ኃይል የሚያለዝቡ ናቸው። ስለ እነርሱ በሆስፒታል የሚሰጠው ምክር ሰፊ ነው፤ ዳሩ ግን አብዛኛው ምክር የሚታሰበው በአንድ አገር ለሚኖር፣ በአንድ ሰዓት ለሚተዳደርና ከአንድ ሐኪም ለማይርቅ ሰው ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚኖሩ ወገኖቻችን ሕይወት ግን እንዲህ አይደለም። ሥራቸው በጅዳ ወይም በዱባይ፣ ቤተሰባቸው በአዲስ አበባ፣ በደሴ ወይም በጅማ ነው። ረመዷንን ይጾማሉ፣ ለዑምራና ለሐጅ ይነሣሉ፣ ለዕረፍት አገር ቤት ገብተው ይመለሳሉ። መድኃኒቱ ከሰዓቱ የሚዛነፈውም በእነዚህ የመሸጋገሪያ ጊዜያት ነው።

የወንድም ስጦታ እንደ ባዕድ ሲቆጠር

ሰውነታችን የራሱን ሕዋስ ከሌላው ለይቶ የሚያውቅበት ረቂቅ ሥርዓት አለው። ይህ ሥርዓት ጀርምን አሳዶ የሚያጠፋ ዘበኛ ነው፤ ነገር ግን በወንድም ወይም በእናት ፍቅር የተሰጠን ኩላሊት ከወራሪ ጀርም ለይቶ አያይም። ሁለቱንም ባዕድ ብሎ ይነሣባቸዋል።

የሕክምናው ታሪክ ይህን በግልጽ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 23 ቀን 1954 በአሜሪካ ቦስተን ከተማ ዶክተር ጆሴፍ መሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር የመጀመሪያውን የተሳካ የኩላሊት ንቅለ ተከላ ሲያከናውኑ ለጋሹና ተቀባዩ ከአንድ ፅንስ የተከፈሉ መንትያ ወንድማማቾች ነበሩ። የተቀባዩ ሰውነት የመንትያውን ኩላሊት የራሱ አድርጎ ስለ ቆጠረው ሥራው ያለ መድኃኒት ተሳካ። መንትያ ለሌለው ሰው ግን በሩ ተዘግቶ ቆየ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ አዛታዮፕሪን የተባለው መድኃኒት በሩን ገርበብ አደረገው። ከዚያም ከኖርዌይ አፈር በተገኘ ሻጋታ ውስጥ ሳይክሎስፖሪን ተገኘና እ.ኤ.አ. በ1983 በአሜሪካ ለአገልግሎት ተፈቀደ። እ.ኤ.አ. በ1984 ደግሞ ጃፓናውያን ተመራማሪዎች በጽኩባ ከተማ አካባቢ ከተወሰደ አፈር በተገኘ ባክቴሪያ ውስጥ ታክሮሊመስን አገኙ። ዛሬ ብዙው ታካሚ የሚወስደው ይህንኑ ታክሮሊመስ ከማይኮፌኖሌትና ከፕሬድኒሶሎን ጋር ነው። ዶክተር መሪም እ.ኤ.አ. በ1990 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

በሃይማኖት በኩልም ጉዳዩ በጊዜው ተመክሮበታል። የሳዑዲ ዐረቢያ የታላላቅ ዑለማዕ ምክር ቤት በ1402 ዓመተ ሂጅራ ባወጣው 99ኛ ውሳኔው፣ በጅዳ የሚገኘው ዓለም አቀፍ የኢስላማዊ ፊቅህ አካዳሚም እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳለፈው ውሳኔ የአካል ክፍል ልገሳንና ንቅለ ተከላን ሸሪዓዊ መስፈርቶቹ እስከተሟሉ ድረስ ፈቅደዋል። በኢትዮጵያም በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2015 ጀምሮ የኩላሊት ንቅለ ተከላ መሰጠት ጀምሯል። ስለዚህ በሪያድ የተከላ ታካሚ አዲስ አበባ ሲገባ፣ በአዲስ አበባ የተከላም ወደ ባሕረ ሰላጤው ሲሄድ ሕክምናው ፈጽሞ ወደማይታወቅበት አገር መሄዱ አይደለም።

ጤንነት የተሰማ ዕለት

ሰው ሲያመው መድኃኒቱን አይረሳም። የሚረሳው ሲሻለው ነው። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ወራት ታካሚው በየሳምንቱ ወደ ክሊኒክ ይመላለሳል፤ ቤተሰቡም ሰዓቱን ያስታውሰዋል። ሁለት ሦስት ዓመት ሲያልፍ ግን ፊቱ ይመለሳል፣ ጉልበቱ ይጸናል፣ ወደ ሥራው ይገባል። የእጁ መንቀጥቀጥ፣ የፊቱ ማበጥ፣ የስኳሩ መጨመር ከመድኃኒቱ የመጣ መሆኑን ሲያውቅም «አሁንስ ምን ያደርግልኛል?» ማለት ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ አንድ የጥናቶች ማጠቃለያ እንዳመለከተው፣ ከጠፉት የተተከሉ ኩላሊቶች መካከል ከሦስተኛው እጅ በላይ የሚሆነው መጥፋት መድኃኒትን በአግባቡ ካለመውሰድ ጋር የተያያዘ ነበር።

አሳሳቹ ነገር ሰውነት ኩላሊቱን አልቀበልም ማለት የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ያለ ሕመም መሆኑ ነው። መጠኑ ሲወርድ ሕዋሳቱ ይነቃሉ፣ ፀረ እንግዳ አካላት ይመረታሉ፤ ሰውየው ግን ይበላል፣ ይሠራል፣ ይሰግዳል። ምልክቱ አስቀድሞ የሚታየው በደም ምርመራ ወረቀት ላይ ክሪያቲኒን የተባለው ቁጥር ከፍ ሲል ነው። የሽንት ማነስ፣ የእግር ማበጥ፣ በሁለት ቀን ውስጥ የክብደት መጨመር፣ በተተከለው ኩላሊት አካባቢ ሕመምና ትኩሳት እስኪታዩ ድረስ መጠበቅ ጉዳቱ ሥር እስኪሰድ መጠበቅ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ዓይነቱ ምልክት ከታየ ደግሞ፣ ወይም ሙቀት 38 ዲግሪ ከደረሰ፣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዕለቱ ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል። መድኃኒቱ የመከላከል ኃይልን ስላለዘበ በሌላው ሰው ላይ ቀላል የሆነው ኢንፌክሽን በዚህ ሰው ላይ ሊከብድ ይችላልና።

በሌላ በኩል ከተገቢው በላይ የሆነ መጠንም ጠላት ነው። ታክሮሊመስ ሲበዛ ሊጠብቀው የታዘዘለትን ያንኑ ኩላሊት ይጎዳል። ሐኪሞች በደም ውስጥ ያለውን መጠን በናኖግራም እየለኩ የሚከታተሉት ስለዚህ ነው፤ በብዙ ማእከላት በመጀመሪያዎቹ ወራት በአንድ ሚሊ ሊትር ደም ከ8 እስከ 12 ናኖግራም አካባቢ፣ ከዚያ በኋላ ዝቅ ብሎ ከ5 እስከ 8 አካባቢ እንዲሆን ይፈለጋል። ለእያንዳንዱ ሰው ልኩን የሚወስነው የራሱ ሐኪም ነው። አንድ ሰው ከጓደኛው ጋር ፍሬ ቆጥሮ «አንተ ሦስት እኔ ሁለት ለምን?» ማለቱ ከንቱ ነው፤ የሁለት ሰዎች ጉበት አንዱን መድኃኒት በእኩል ፍጥነት አያስወግደውም።

ደሙ የሚለካው መድኃኒቱ ዝቅ ባለበት ሰዓት፣ ማለትም የሚቀጥለው ከመወሰዱ በፊት ነው። በመሆኑም በምርመራው ቀን ጧት መድኃኒቱን ሳይወስዱ በኪስ ይዘው መሄድ፣ ደም ከተቀዳ በኋላ ወዲያው መዋጥ ይገባል። ይህን የማያውቅ ታካሚ በቤቱ ውጦ ከሄደ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ይታያል፤ ሐኪሙም የበዛ መስሎት ይቀንስበታል። ያልበዛው ይቀነሳል ማለት ነው።

የስምንት ሰዓት ጉዳይ

እዚህ ላይ በሕክምና መጻሕፍት የማይገኝ፣ ለእኛ ሰዎች ግን ትልቅ የሆነ ነገር አለ። በቀን ሁለት ጊዜ የሚወሰደው ታክሮሊመስ በየ12 ሰዓቱ መሆን አለበት፤ በብዙ ሆስፒታሎችም 8 እና 8 ተብሎ ይጻፋል። ሳዑዲ ዐረቢያና ኢትዮጵያ በአንድ የሰዓት ክልል ውስጥ ያሉ በመሆናቸው ከጅዳ አዲስ አበባ የሚገባ ሰው ሰዓቱን ማስተካከል አያስፈልገውም፤ ከዱባይ ወይም ከመስቀጥ የሚመጣም ልዩነቱ አንድ ሰዓት ብቻ ነው። የሚለየው አቆጣጠራችን ነው። በሐኪሙ ወረቀት ላይ ያለው ጧት 8 በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከጧቱ 2 ሰዓት ነው፤ ማታ 8 ደግሞ ከምሽቱ 2 ሰዓት።

አገር ቤት የገባ ታካሚ ስልኩን ትቶ በቤቱ ግድግዳ ሰዓት መመራት ሲጀምር፣ ወይም መድኃኒቱን የምትሰጠው እኅቱ በወረቀቱ ላይ ያለውን 8 እንዳለ ስታነበው፣ የጧቱ መድኃኒት ከቀኑ 8 ሰዓት፣ የማታውም ከሌሊቱ 8 ሰዓት ይሆናል። በዚያ ሽግግር የመጀመሪያው ልዩነት 12 ሰዓት መሆኑ ቀርቶ 18 ሰዓት ይሆናል። ጉዳቱ በዚህ አያበቃም። ይህ ሰው ከጧቱ 3 ሰዓት ላይ ክሊኒክ ሄዶ ደም ቢሰጥ መድኃኒቱን ከወሰደ ገና 7 ሰዓቱ ነው፤ ቁጥሩ ከእውነተኛው ከፍ ብሎ ይወጣል፤ መጠኑም ያለ አግባብ ሊቀነስ ይችላል። ስለዚህ በካርቶኑ ላይ በአማርኛ «ከጧቱ 2 ሰዓት፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት» ብሎ በጉልህ መጻፍ፣ የስልክ ማንቂያውንም እንዳለ መተው ቀላል መፍትሔ ነው። ለሐኪሙም የመጨረሻውን መድኃኒት የወሰዱበትን ሰዓት በየትኛው አቆጣጠር እንደሚናገሩ ገልጾ መናገር ያስፈልጋል።

አንድ ጊዜ የተረሳን መድኃኒት በሚቀጥለው ጊዜ እጥፍ አድርጎ መውሰድ ፈጽሞ አይገባም። ሲረሳ እስከ ስንት ሰዓት ድረስ መውሰድ እንደሚቻል አስቀድሞ ከራስ የንቅለ ተከላ ማእከል ጠይቆ በጽሑፍ መያዝ ይበጃል። ከወሰዱ በኋላ ወዲያው ካስመለሰም ለማእከሉ መደወል ነው። ተቅማጥ ደግሞ ብዙዎች ከሚገምቱት በተቃራኒ ታክሮሊመስን በደም ውስጥ ሊያሳድገው ይችላል፤ በዚያም ላይ ሰውነት ውኃ ያጣል። ተቅማጥ ከአንድ ቀን በላይ ከቆየ መድኃኒቱን በራስ ፈቃድ ሳያቋርጡ ደም ማስለካት ተገቢ ነው።

ረመዷን

የረመዷን ጥያቄ በየዓመቱ ይነሣል፤ ከምእመን ሰውም የሚጠበቅ ነው። ጾሙ በብርድ ወራት ሲውል በባሕረ ሰላጤው ከ12 እስከ 13 ሰዓት፣ በሐሩር ወራት ሲውል ግን 15 ሰዓት ገደማ ይደርሳል። መድኃኒቱን በኢፍጣርና በሱሑር የሚወስድ ሰው በሐሩሩ ጊዜ በሌሊቱ ልዩነት 9 ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ይወስዳል፤ ከዚያ እስከሚቀጥለው ኢፍጣር ከ15 ሰዓት በላይ ይጠብቃል። ጨረቃ በታየች ማግሥት ይህን ለውጥ በራሱ ያደረገ ሰው ሐኪሙ ያላዘዘውን መድኃኒት ወሰደ ማለት ነው።

በሳዑዲ ዐረቢያና በተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች በተደረጉ ጥናቶች፣ ንቅለ ተከላው ከተደረገላቸው ዓመት ያለፋቸውና ኩላሊታቸው በጥሩ ሁኔታ የጸና ታካሚዎች ጾመው ጎልቶ የሚታይ ጉዳት አልታየባቸውም። ይህ የሚያጽናና ነው። ነገር ግን እነዚያ ሰዎች የተመረጡና ክትትል የሚደረግላቸው ነበሩ። በመጀመሪያው ዓመት ያለ፣ ክሪያቲኒኑ የሚዋዥቅ፣ በቅርቡ የሰውነት እምቢታ ያጋጠመው፣ ወይም ኢንሱሊን የሚወጋ የስኳር ሕመምተኛ የሆነ ታካሚ በእነርሱ ላይ ተመሥርቶ ሊወስን አይችልም። መጾም ለሚችለው ታካሚ ሐኪሙ በቀን አንድ ጊዜ ወደሚወሰደው የታክሮሊመስ ዓይነት ሊያዞረው ይችላል። ይህም ከረመዷን ሳምንታት አስቀድሞ፣ በደም ልኬት ታግዞ የሚሠራ ነው። የአንድ ጊዜውና የሁለት ጊዜው ዓይነት ስማቸው ቢመሳሰልም አንዱ በሌላው ቦታ በታካሚው እጅ የሚተካ አይደለም።

ጾም ለሕመምተኛ የተሰጠውን ፈቃድ በሱረቱል በቀራህ የማያውቅ ሙስሊም የለም። ያም ሆኖ ፈቃዱን ለራስ ሲሆን የመቀበል ችግር አለ፤ «ሰው ምን ይለኛል» የሚለውም ይጨመርበታል። ጉዳዩን የሚዳኙት ሁለት ሰዎች ናቸው፦ የሕክምናውን ጉዳት የሚናገር ታማኝ ሐኪምና በዚያ ላይ ተመሥርቶ ቀዷን ወይም ፊድያን የሚያስረዳ ዓሊም። ሐኪሙ «ይጎዳሃል» ካለ በኋላ ሌላ የሚፈቅድ ሰው ፍለጋ መዞር ተገቢ አይመስለኝም። ለምርመራ የሚቀዳው ጥቂት ደምም በብዙኃኑ ዑለማዕ ዘንድ ጾምን ስለማያበላሽ የረመዷንን ቀጠሮ ለመሰረዝ ምክንያት አይሆንም።

ስለ ካፕሱሉ ልባስም በሹክሹክታ የሚነሣ ጥያቄ አለ፤ ልባሱ ከየትኛው እንስሳ ጄላቲን እንደተሠራ የሚጨነቁ ታካሚዎች አሉ። መልሱ እንደ አምራቹ ይለያያልና ፋርማሲስቱን መጠየቅ ይቻላል። ተጨንቆ በዝምታ ማቆም ግን ኩላሊቱን ያሳጣል።

ከሌላ ፋርማሲና ከማዕድ ቤት

የንቅለ ተከላ ሐኪም ያልሆነ ሌላ ሐኪም፣ በቅን ልቦና፣ ለጉሮሮ ኢንፌክሽን ክላሪትሮማይሲን ወይም ኤሪትሮማይሲን ሊያዝ ይችላል። ለፈንገስ የሚሰጠው ፍሉኮናዞል፣ ለደም ግፊት የሚሰጡት ዲልቲያዜምና ቬራፓሚልም ከዚሁ ወገን ናቸው። ሁሉም በጉበትና በአንጀት ውስጥ ታክሮሊመስን የሚያስወግደውን ኢንዛይም ስለሚያግዱ መጠኑ በጥቂት ቀናት ውስጥ እጅግ ከፍ ሊል ይችላል። የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች የሆኑት ፌኒቶይንና ካርባማዜፒን በተቃራኒው መጠኑን ያወርዱታል። ከሁሉ ይልቅ የሚያወርደው ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው ሪፋምፒሲን ነው። የሳንባ ነቀርሳ በአገራችን በስፋት ያለ በሽታ በመሆኑ ይህ የሩቅ ጉዳይ አይደለም፤ በሽታው የተገኘበት ታካሚ ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት የነቀርሳው ሐኪምና የንቅለ ተከላው ሐኪም ሊነጋገሩበት ይገባል። አዛታዮፕሪን የሚወስድ ሰው ደግሞ ለሪህ የሚሰጠውን አሎፑሪኖል ያለ ሐኪሙ ዕውቅና ከጨመረበት የደም ሕዋሳቱ በአደገኛ ሁኔታ ሊቀንሱ ይችላሉ። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክም ለራስ ምታትና ለወገብ ሕመም በየቤቱ ያሉ ቢሆኑም ኩላሊቱን ይጎዳሉ።

ወደ ማዕድ ቤት ስንገባ፣ ግሬፕፍሩትና በባሕረ ሰላጤው ገበያ በብዛት የሚታየው ትልቁ ፖሜሎ፣ እንዲሁም ናሪንጅ የሚባለው መራራ ብርቱካን የታክሮሊመስንና የሳይክሎስፖሪንን መጠን ከፍ ስለሚያደርጉ ይከለከላሉ። ተራው ጣፋጭ ብርቱካን በዚህ አይከሰስም። ሴንት ጆንስ ወርት የተባለው፣ ለድብርት ተብሎ የሚሸጠው ዕፅ መጠኑን ያወርዳል። ጥቁር አዝሙድን በተመለከተ፣ በበርበሬና በዳቦ ውስጥ የሚገባው ጥቂት ቅመም አንድ ነገር ነው፤ ዘይቱን ወይም ዱቄቱን በየቀኑ በማንኪያ መውሰድ ሌላ ነገር ነው። ዳማ ከሴም ሆነ የሽፈራው ዱቄት በመድኃኒት መልክ ከመወሰዳቸው በፊት ለሐኪሙ መነገር አለባቸው። በአገር ባህል መድኃኒት የሚያምን ሰው ሐኪሙ እንዳይቆጣው ብሎ መደበቁ የተለመደ ነው፤ ለዚህ መደበቅ ሐኪሞችም የራሳቸው ድርሻ ያላቸው ይመስለኛል። «ይህን ሁሉ ተው» ከማለት «ምን ትወስዳለህ?» ብሎ መጠየቅ ይቀድማልና።

ክትፎ ለብለብም ሆነ ጥሬ ሥጋ ለዚህ ሰው ቀርቷል። ያልፈላ ወተትም እንዲሁ። የግመል ወተት በባሕረ ሰላጤውም በሶማሌና በአፋር ክልሎችም የተከበረ መጠጥ ነው፤ ሳይፈላ ሲጠጣ ግን ብሩሴላ የተባለውን በሽታ ሊያስተላልፍ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2012 በሳዑዲ ዐረቢያ ለመጀመሪያ ጊዜ የታወቀው መርስ የተባለው የመተንፈሻ አካላት ቫይረስም ከግመል ጋር የተያያዘ በመሆኑ የመከላከል ኃይላቸው የተዳከመ ሰዎች ከግመሎች እንዲርቁና ያልፈላ ወተታቸውን እንዳይጠጡ ይመከራሉ። እንግዳ የሚያከብር ቤተሰብ ዘንድ የቀረበን ማንቆርቆሪያ መመለስ እንደሚከብድ ይታወቃል። አስቀድሞ ለቤተሰቡ መንገር ከማዕድ ላይ እንቢ ከማለት ይቀላል።

ማይኮፌኖሌት ለምትወስድ ሴት አንድ ተጨማሪ ማስጠንቀቂያ አለ። ይህ መድኃኒት ውርጃና በፅንሱ ላይ የአካል ጉድለት ያስከትላል። ንቅለ ተከላ የተደረገላት ሴት መውለድ ትችላለች፤ ብዙዎችም ወልደዋል። ነገር ግን ቢያንስ አንድ ዓመት ቆይታ፣ ኩላሊቷ ጸንቶ፣ ከእርግዝናው ቢያንስ 6 ሳምንት አስቀድሞ ማይኮፌኖሌቱ በሐኪም ትእዛዝ በሌላ መድኃኒት ከተተካ በኋላ መሆን አለበት። በብዙ ቤት ይህ ጉዳይ ለባል ሳይነገር ይቀራል፤ ሊነገረው ይገባል።

ሻንጣና ሰነድ

ለጉዞ የሚነሣ ታካሚ መድኃኒቱን በእጅ ሻንጣ ይያዝ እንጂ ለአውሮፕላኑ ሆድ አያስረክብ። ለታሰበው ቀን የሚበቃና ቢያንስ ሁለት ሳምንት የሚተርፍ መያዝ፣ ከነካርቶኑና ከነብልጭልጭ መጠቅለያው መሆን፣ የሐኪም ደብዳቤም አብሮት መሆን አለበት። ካፕሱሎቹ እርጥበትና ሙቀት አይወዱም። በባሕረ ሰላጤው በጋ በቆመ መኪና ውስጥ የተተወ መድኃኒት እንደተበላሸ ይቆጠራል። አገር ቤት ሲደርስ ያለው መድኃኒት ከሌላ አምራች ሊሆን ይችላል። መለወጥ ግድ ከሆነ በሐኪም ዕውቅና ተለውጦ በሳምንት ጊዜ ውስጥ ደሙ ሊለካ ይገባል።

ውሉን ጨርሶ ለዘለቄታው ወደ አገሩ የሚመለስ ሰው ጉዳይ ከዚህ ይከብዳል። ሥራው ሲያበቃ የጤና መድኑም ያበቃል፤ መድኃኒቱ ግን ማብቂያ የለውም። የመውጫ ቪዛ ከመመታቱ በፊት በአገር ቤት የሚቀበለውን ክሊኒክ መፈለግ፣ ያ ክሊኒክ የትኛውን ዓይነት መድኃኒት በምን ዋጋ እንደሚያገኝ ማረጋገጥ፣ የመጨረሻዎቹን የክሪያቲኒንና የመድኃኒት ልኬት ውጤቶች በእንግሊዝኛ አስጽፎ መያዝ ያስፈልጋል። የዐረብኛ ወረቀት ብቻ ይዞ የሚገባ ታካሚ የሕክምና ታሪኩን በቃሉ ለማስረዳት ይገደዳል።

የመጨረሻው ጉዳይ ክትባት ነው። ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ ከኢትዮጵያ የሚገባ መንገደኛ የቢጫ ወባ ክትባት ሰርተፍኬት ይጠየቃል። ይህ ክትባት ግን ሕያው ቫይረስ ያለበት በመሆኑ የመከላከል ኃይልን የሚያለዝብ መድኃኒት ለሚወስድ ሰው አይሰጥም። የኩፍኝ፣ የጉድፍና በአፍ የሚጨመረው የፖሊዮ ክትባትም ሕያው ናቸው፤ በቤት ውስጥ የፖሊዮ ጠብታ የወሰደ ሕፃን ካለ ታካሚው የሕፃኑን ሽንት ጨርቅ ባይቀይር፣ ከቀየረም እጁን በሳሙና በሚገባ ቢታጠብ ይመከራል። ለሐጅና ለዑምራ የሚጠየቀው የማጅራት ገትር ክትባትና የጉንፋን መርፌ ግን ሕያው ስላልሆኑ ሊሰጡ ይችላሉ። ለቢጫ ወባው ሐኪሙ ክትባቱ የማይሰጥበትን ምክንያት የሚገልጽ የሕክምና ደብዳቤ ይጽፋል፤ ደብዳቤው ተቀባይነት ማግኘቱንም ከጉዞው በፊት ከአየር መንገዱና ከኤምባሲው ማጣራት ይገባል። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2016 ወዲህ ግን የቢጫ ወባ ሰርተፍኬት በ10 ዓመት የሚያበቃ መሆኑ ቀርቶ ለተከታቢው ዕድሜ ልክ የሚያገለግል ሆኗል። ስለዚህ ከንቅለ ተከላው በፊት፣ ለመጀመሪያው ጉዞው ተከትቦ የነበረ ሰው ዳግመኛ መከተብ አያስፈልገውምና ያን አሮጌ ቢጫ ካርድ ከሰነዶቹ መካከል ፈልጎ ከፓስፖርቱ ጋር ያስቀምጠው።